የቤተሰብ ሐኪም ፊርማና የህሙማን መብት በአየርላንድ የአእምሮ ጤና ህግ

የአእምሮ ህመም ያለበትን ሰው ያለፈቃዱ ሆስፒታል ማስገባት ህይወቱን ሊታደግ፣ ነፃነቱንም ሊነፍግ የሚችል እርምጃ ነው። የአየርላንድ ህግ በዚህ ረገድ የመጀመሪያውን የህክምና ውሳኔ የሚሰጠው ለአእምሮ ህክምና ስፔሻሊስት ሳይሆን ለጠቅላላ ሐኪም ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ህመምተኛውንና ቤተሰቡን ለዓመታት የሚያውቀው የቤተሰብ ሐኪም ነው።

በአገሪቱ ቀደም ሲል የነበረው እ.ኤ.አ የ1945 ህግ ህሙማን በገለልተኛ የዳኝነት አካል ጉዳያቸው በየጊዜው ሳይታይ ለረጅም ጊዜ በሆስፒታል እንዲቆዩ የሚያስችል ነበር። ይህን ለማረም እ.ኤ.አ በ2001 አዲስ ህግ የጸደቀ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ስራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በህዳር 2006 ነው።

በህጉ መሰረት ማመልከቻውን የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ስልጣን የተሰጠው የጤና ባለሙያ ወይም ፖሊስ ሊያቀርብ ይችላል። አመልካቹ ህመምተኛውን ባለፉት 48 ሰዓታት ውስጥ ያየው መሆን ይኖርበታል። ተለያይቶ የሚኖር የትዳር ጓደኛ በትዳር ጓደኝነቱ ማመልከት አይችልም። ሐኪሙም ማመልከቻው በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ህመምተኛውን በአካል መመርመር ይጠበቅበታል። የሚሰጠው የድጋፍ ሀሳብ የሚጸናው ለሰባት ቀናት ብቻ ነው።

የህመሙ መኖር ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። ህመምተኛው በራሱ ወይም በሌሎች ላይ ፈጥኖ ከባድ ጉዳት የማድረሱ ስጋት መኖሩ፣ አለበለዚያም ህክምና ባያገኝ ሁኔታው በእጅጉ የሚባባስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አንድን ሰው በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕጽ ሱስ አልያም ከማህበረሰቡ ልማድ በማፈንገጡ ብቻ በግዳጅ ማስገባት ክልክል ነው።

ኃላፊነቱ ሐኪሙን በሁለት ወገን ያስጨንቀዋል። እርዳታ የሚማጸነው ቤተሰብም ሆነ ሆስፒታል መግባትን የሚቃወመው ህመምተኛ የእርሱ ደንበኞች ናቸው። ህመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣም ለክትትል የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ወደዚሁ ሐኪም በመሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው መተማመን ከተጎዳ ህክምናውም አብሮ ይጎዳል። ህጉ የጥቅም ግጭትን ለመከላከል የህመምተኛው ዘመድ ወይም የተቀባዩ ማዕከል ሰራተኛ የሆነ ሐኪም የድጋፍ ሀሳብ እንዳይሰጥ ያግዳል። ሐኪሙ ለህመምተኛው ጎጂ ነው ብሎ ካላመነ በስተቀርም የምርመራውን ዓላማ ሊነግረው ግድ ይላል። አንድ ሐኪም ጥያቄውን ካልተቀበለው አመልካቹ ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄድ ይህንኑ መግለጽ አለበት።

የቤተሰብ ሐኪሙ ፊርማ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ህመምተኛው ማዕከሉ እንደደረሰ የአእምሮ ህክምና ስፔሻሊስት በ24 ሰዓት ውስጥ መርምሮ እንዲቆይ ወይም እንዲሄድ ይወስናል። እንዲቆይ ከተወሰነ ትዕዛዙ የሚያገለግለው ለ21 ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የህግ ባለሙያ፣ የአእምሮ ሐኪምና ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው የሚገኙበት ሦስት አባላት ያሉት ጉባኤ ጉዳዩን ይመረምራል። ለህመምተኛው ጠበቃ የሚመደብለት ሲሆን በገለልተኛ ስፔሻሊስትም ይመረመራል።

ጉባኤው የሚመለከተው የህመሙን ሁኔታ ብቻ አይደለም። የማመልከቻውና የቤተሰብ ሐኪሙ ምርመራ አፈጻጸም በህጉ መሰረት መከናወኑንም ያጣራል። በአፈጻጸሙ ላይ የተፈጠረው ጉድለት መሰረታዊ ከሆነ ወይም በህመምተኛው ላይ ኢፍትሐዊነት የሚያስከትል ከሆነ ትዕዛዙ ይሰረዛል። የሐኪሙ ጥንቃቄ ለህመምተኛው መብት ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ህጉ ራሱ ከፍርድ ቤት ትችት አላመለጠም። እ.ኤ.አ በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤት ህሙማንን እስከ 12 ወራት ለማቆየት ያስችል የነበረውን የትዕዛዝ ማራዘሚያ ድንጋጌ ከህገ መንግስቱ ጋር የሚቃረን ሆኖ አግኝቶታል። ህሙማኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጉዳያቸው በገለልተኛ አካል ዳግም እንዲታይ የሚጠይቁበት በቂ ዕድል አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት የወጣው ማሻሻያ የማራዘሚያውን ረጅሙን ጊዜ ወደ ስድስት ወራት ዝቅ አድርጎታል። እ.ኤ.አ በ2024 ደግሞ የ2001ዱን ህግ የሚተካ ረቂቅ ለአገሪቱ ፓርላማ ቀርቧል።