ፈተናው የአንዱ፣ ዝግጅቱ የሁለት

ከሁለታችሁ አንዳችሁ በግንባታ፣ በባንክ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት ውስጥ ፕሮጀክት የምትመሩ ከሆነ፣ ፒ.ኤም.ፒ. የሚባለውን የምስክር ወረቀት ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ቢኖር ይመረጣል» ተብሎ ይጻፋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከአገር ቤት ይዘውት የሄዱትን ልምድ አሠሪ በሚያውቀው ስም ለማስመስከር ይፈልጉታል።

ለዝግጅት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» ብሎ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ለወራት የሚዘልቀው የጥናት ሰዓት ከማን ሰዓት ላይ ይነሣል? ሠራተኛም ወላጅም የትዳር ጓደኛም የሆነ ሰው ትርፍ ሰዓት የለውም። ሳይነጋገሩ የተወሰደ ሰዓት ደግሞ ውሎ አድሮ ኩርፊያ ይዞ ይመለሳል።

ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ፈተናውን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ፒ.ኤም.ፒ.ን መስጠት የጀመረው በ1984 ነው። በ2021 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አመልካች ለ36 ወራት፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ደግሞ ለ60 ወራት ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ማሳየት ነበረበት። በዚህ ላይ የ35 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ፈተናው 180 ጥያቄዎች በ230 ደቂቃ የሚሠሩበት፣ በመካከሉ ሁለት የ10 ደቂቃ ዕረፍቶች ያሉት ነበር። ከጥያቄዎቹ 42 በመቶው ስለ ሰዎች አመራር፣ 50 በመቶው ስለ ሥራው ሂደት፣ 8 በመቶው ስለ ድርጅቱ ዓላማና አካባቢ ነበሩ።

ተቋሙ ይህን ንድፍ በየጊዜው ያሻሽላል፤ ለ2026ም አዲስ ንድፍ አውጥቷል። ስለዚህ ከጓደኛ የተወረሰ የቆየ መጽሐፍ ይዛችሁ አትጀምሩ። አስቀድማችሁ ተቋሙ በነፃ የሚሰጠውን የፈተና ይዘት ዝርዝር አውጡና በምትፈተኑበት ቀን የሚሠራው የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። የመምራት ልምድ ገና የሌለው ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ። ልምድ የማይጠየቅበት ካፕም የሚባል የጀማሪዎች ምስክር ወረቀት አለ።

የሸመደደ አይደለም፣ ያስተዋለ ነው የሚያልፈው

ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ደንበኛው በሥራው መካከል ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል፤ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ምን ያድርግ? በመሥሪያ ቤታችን ልማድ «እሺ» ማለት ወይም ጉዳዩን ወዲያው ወደ አለቃ መውሰድ ይቀናናል። ፈተናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ጉዳዩን አስቀድሞ መረዳትን፣ በጊዜና በገንዘብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መመዘንን፣ ከዚያም በተፈቀደው የለውጥ ሥርዓት ማሳለፍን ነው። የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ሊሳሳት የሚችለውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚመልሰው ቢሮው እንደሚሠራው ስለሆነ። እንግዲህ ስትለማመዱ ያገኛችሁትን ነጥብ ብቻ አትቁጠሩ። የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ «ለምን?» ብላችሁ በደብተር ጻፉ።

ስሌትም አለ፤ ግን አያስፈራም። የ1,200,000 ብር ቤት በ12 ወር ሊያልቅ ታቅዶ ነበር እንበል። በስድስተኛው ወር የ600,000 ብር ሥራ መጠናቀቅ ሲገባው የተሠራው የ480,000 ብር ብቻ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ግን 640,000 ብር ነው። 480,000 ለ600,000 ሲካፈል 0.8 ይሆናል፤ ሥራው ዘግይቷል። 480,000 ለ640,000 ሲካፈል ደግሞ 0.75 ነው፤ ወጪው ከሥራው በልጧል። በዚሁ ከቀጠለ 1,200,000 ለ0.75 ተካፍሎ ቤቱ 1,600,000 ብር ይፈጃል። ይህን ለትዳር ጓደኛው በቡና ሰዓት ማስረዳት የቻለ ሰው ቀመሩን አይረሳውም።

ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። በ2021 ደንብ 230 ደቂቃ ለ180 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ 77 ሰከንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ረጅም ጥያቄን በፍጥነት ማንበብ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ፣ ባዶ የተተወ ጥያቄ አይኑር።

ዝግጅቱን እንደ ፕሮጀክት ምሩት

የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ልምምድ ቤታችሁ ይሁን። በአንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ አራት ነገር ጻፉ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን። ለምሳሌ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ብትመድቡ፣ በሳምንት 10 ሰዓት፣ በ12 ሳምንት 120 ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ማታና እሑድ ለቤተሰብ ይቀራሉ። የማጥኛው ሰዓት እንዳይነካ እንደምትጠብቁ ሁሉ የቤተሰቡንም ጠብቁት።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን። የፈተናው ክፍያ፣ ሥልጠናው፣ መጽሐፉና የልምምድ ጥያቄዎቹ ተደምረው ምን ያህል ናቸው? የተቋሙ አባል የሆነ ሰው ለፈተናው የሚከፍለው ስለሚቀንስ ሁለቱን አነጻጽሩ። ካለፋችሁም በኋላ ምስክር ወረቀቱን ለማቆየት በየ3 ዓመቱ 60 የትምህርት ነጥብና የማደሻ ክፍያ እንደሚጠየቅ አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የሥራ ክፍፍሉን። በእነዚህ ሳምንታት ልጆቹን የቤት ሥራ የሚያሠራው፣ ገበያ የሚሄደው፣ እንግዳ የሚቀበለው ማን ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ለዘመድ አዝማድም አስቀድማችሁ ንገሩ። ለቅሶና ሠርግ ሳይጠሩት በሚመጣበት አገር፣ ከ12ቱ ሳምንታት ሌላ ሁለት የመጠባበቂያ ሳምንት ያላስቀመጠ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

አራተኛ፣ ሥጋቱን። ፈተናው በቤት ሆኖ በኮምፒውተር ሊወሰድ ይችላል፤ ሆኖም ልጅ በሩን ከፍቶ ቢገባ ወይም ኢንተርኔቱ ቢጠፋ ሊቋረጥ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት የፈተና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።

አንድ ሥጋት ደግሞ ሳይጻፍ አይቅር፤ ባይታለፍስ? ደንቡ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ ለመፈተን ይፈቅዳል፤ ለድጋሚውም ይከፈላል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ከመሞከር በፊትም ስንት ሳምንት እንደምታርፉ ዛሬ ተስማሙ። ያን ቀን የተፈታኙ ልብ ሲሰበር ስለ ገንዘብ መከራከር ለማንም አይበጅም። አስቀድሞ የተነጋገረ ቤት ግን ውጤቱን ሰምቶ ራት ያቀርባል፤ ወረቀቱንም በማግስቱ ያወጣዋል።