የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ይጠራቀም ወይስ በየዓመቱ ይወሰድ?

በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች የሚሠሩ ሒሳብ ሹሞች፣ ገንዘብ ያዦች፣ ነርሶችና ጥበቃዎች የዓመት ፈቃዳቸውን ሳይወስዱ ዓመታት ሲያልፉ ይታያል። ይህም ብዙ ጊዜ እንደ ትጋት ተቆጥሮ ይመሰገናል። እኛ ግን የተጠራቀመ ፈቃድ ለሠራተኛው የቀረ ዕረፍት፣ ለሰበካ ጉባኤው ደግሞ በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ መሆኑን ለማስገንዘብ እንወዳለን። የካህናት መንፈሳዊ አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚመራ ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በቅጥር ውል የሚሠሩትን ነው።

ለእንዲህ ያለው ቅጥር መነሻ የሚሆነው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ተጨማሪ ዓመታት አንድ የሥራ ቀን ይታከላል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱን ለሁለት ከፍሎ መስጠት ይቻላል። በሠራተኛው ጥያቄ ወይም በሥራው አስገዳጅነት ማስተላለፍም ተፈቅዷል፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም። ሠራተኛው ፈቃዱን ለመተው የሚፈርመው ስምምነት ዋጋ የለውም። በሥራ ላይ እያለም ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ የተከለከለ ነው፤ ያልተወሰደው ፈቃድ ተሰልቶ የሚከፈለው ውሉ ሲቋረጥ ነው።

ዕዳው እንዴት እንደሚያድግ በምሳሌ እንመልከት። የአንድ ሒሳብ ሹም የቀን ደመወዝ 300 ብር ነው እንበል። የአራተኛ ዓመት ፈቃዱ 17፣ የአምስተኛው 18 ቀን ነው። የሁለቱን ዓመታት ፈቃድ ሳይወስድ ቢሰናበት የ35 ቀን ክፍያ፣ ማለትም 10,500 ብር ይገባዋል። ይህ ገንዘብ በበጀት ካልተያዘ፣ ለጣሪያ ጥገና ወይም ለነዳያን መርጃ ከተመደበው ላይ መነሣቱ አይቀርም።

ሠራተኞች ፈቃድ የሚያጠራቅሙት በአብዛኛው ለክፉ ቀን በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ የሕመም ፈቃድ ከዓመት ፈቃድ የተለየ መብት ነው። ለጋብቻ ወይም ለቅርብ ዘመድ ሞትም ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣሉ። እንግዲህ የዓመት ፈቃድን ለበሽታና ለሐዘን ማቆየት አያስፈልግም። ወደ ግሸን ወይም ወደ ላሊበላ ለመሳለም፣ ወይም ሩቅ አገር ያሉ ወላጆችን ለመጠየቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልግ ግን የአንድ ዓመት ፈቃዱን ወደሚቀጥለው ቢያስተላልፍ ተገቢ ምክንያት አለው። ልዩነቱ ማስተላለፉ አስቀድሞ ታቅዶ በጽሑፍ መያዙ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። ገንዘብ ያዥ ወይም ሒሳብ ሹም ፈቃድ ሲወጣ መዝገቡንና ካዝናውን ሌላ ሰው በርክክብ ይይዛል። በዚህም ስሕተት ካለ ይታያል፣ ተተኪም ይለማመዳል፣ የሠራተኛውም ታማኝነት ከሐሜት ይጠበቃል። ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የሆነበት አጥቢያ ግን ያ ሰው በታመመ ቀን ይቆማል።

ዕረፍት ለእምነታችን እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበት ትእዛዝ አገልጋዩና አገልጋይቱም እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ያዝዛል። ጌታችንም ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ነገራቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተጽፏል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦

1. የእያንዳንዱን ሠራተኛ የተወሰደና ቀሪ ፈቃድ በመዝገብ ማስፈር፤
2. የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ሲጀምር ከሠራተኞች ጋር ተመካክሮ የፈቃድ መርሐ ግብር ማውጣት፤ የጥበቃውን ከንግሥ በዓል፣ የሒሳብ ሹሙን ከሰኔ መዝጊያ ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ፤
3. ለእያንዳንዱ ሥራ ተተኪ መሰየምና ርክክቡን በጽሑፍ መፈጸም፤
4. እስካሁን የተጠራቀመውን ቀን ከፋፍሎ ማስወሰድ፣ ዕዳውንም በበጀት ማሳየት።

ጥበቃውም ነርሷም የሚያርፉበትን ወር አስቀድመው ሲያውቁ ለቤተሰባቸው ያቅዳሉ፤ ጉባኤውም ድንገተኛ ክፍያ አያስጨንቀውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።