የሰላሌ አፋፎች

እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ለሚያመራ መንገደኛ ሰላሌ ሜዳ ብቻ ነው። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ዱበር፣ ሙከ ጡሪ፤ ከተሞቹ ተራ በተራ ያልፋሉ። በመካከላቸው የጤፍ ማሳ፣ የከብት ግጦሽ፣ የባሕር ዛፍ አጥርና የወተት ጣሳ ይዘው መኪና የሚጠብቁ ገበሬዎች ይታያሉ። ምድሩ ገደል እንዳለበት አስቀድሞ አይናገርም። ከዋናው አስፋልት ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ጎን የታጠፈ ሰው ግን እርሻው በድንገት ያልቅበታል። ከመጨረሻው ትልም ቀጥሎ ያለው አየር ነው፤ ከአየሩ ሥር ደግሞ ሌላ አገር።

ሰላሌ በወንዞች የተከበበ ምላስ መሬት ነው። በምዕራብ ሙገር፣ በምሥራቅ ጀማ ቆርጠውታል፤ ሁለቱም ወደ ዓባይ ይገባሉ፣ ዓባይ ራሱም በሰሜን በኩል ሰላሌን ከጎጃም ይለያል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ገደል ማየት የፈለገ ሰው ምርጫው ብዙ ነው። በመኪና የሚያልፈው ከዚህ ሁሉ የሚያየው ጥቂት ነው፤ አስፋልቱ የሚሄደው በሜዳው ወገብ ላይ ነውና። አፋፉን ተከትሎ የሚሄደው የከብትና የእግረኛ ዱካ ነው። ለእሱ ደግሞ ጫማና ጎማው ወፈር ያለ ብስክሌት ይበቃል።

በሳምንት መጨረሻ ከከተማ የሚወጡ ተጓዦች ዘንድ ታዋቂው አፋፍ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ መሠረቱት ገዳም ይወርዳል። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ለበዓል የመጡ ምእመናን የተጨፈጨፉት ከዚሁ ገዳም ተወስደው ነው። ብዙ ሰው ተሳልሞ ይመለሳል። ያልተመለሰው ከላይ ወዳለው ሜዳ ወጥቶ በእግሩ ትንሽ ይሄድና ከአንድ የድንጋይ ድልድይ ይደርሳል። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ያሠሩት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰላሌን ያስተዳድሩ የነበሩት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ራስ ዳርጌ ናቸው። ድልድዩ ትንሽ ነው፤ በራሱ ይህን ያህል መንገድ አያስኬድም። ዋጋው ያለበት ቦታ ነው። ከሥሩ የሚያልፈው ጅረት ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ከገደሉ ጫፍ ላይ ይወረወራል። ክረምት የመጣ ሰው ፏፏቴውን ያገኛል፣ በጋ ሲገባ የመጣ ደግሞ እስከ ጀማ ድረስ የሚከፈተውን ሸለቆ ጥርት ብሎ ያየዋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማግኘት መስከረም ማለቂያ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ይሻላል፤ ጥርና የካቲት ላይ አየሩ በአቧራ ይደበዝዛል።

እዚህ በማለዳ የደረሰ ጭላዳዎችን ያገኛል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ይህ የዝንጀሮ ዘመድ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ ያሳልፍና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው ባለ ጎፈር ወንድ መንጋውን አስከትሎ ከአፋፉ ብቅ ሲል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ጭላዳ የሚሮጥበትን እንጂ የሚቀመጥን ሰው ብዙም አይፈራም። ከአፋፉ ሌላው ትርፍ አሞራን ከላይ ወደ ታች ማየት ነው። ጆፌ አሞራዎች ከሥር የሚነሣውን ሞቃት አየር ተደግፈው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ከተመልካቹ እግር በታች ይዞራሉ።

ገደሉ ለምን እንዲህ ጠለቀ? መልሱ ግድግዳው ላይ ይነበባል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከዓባይ አጠገብ ደግሞ ቀላ ያለ ጥንታዊ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራው ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር እዚህ ድረስ ገብቶ ያነጠፈው ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ለንብርብሮቹ ስም ሲያወጡ ሩቅ አልሄዱም፤ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ የጎሐ ጽዮን ንብርብር ይሏቸዋል። ምድሩ ከእሳተ ገሞራው ጋር ወደ ላይ ሲነሣ ወንዞቹም ወደ ታች መቁረጣቸውን ቀጠሉ። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን የሚያወጡት ከዚሁ የተቆረጠ ግድግዳ ነው። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሳያውቀው የጥንት ባሕር ወለል ውስጥ ይኖራል ማለት ይቻላል።

ወደ ታች ለመውረድ ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ገደል የተገለበጠ ተራራ ነው። ተራራ ላይ ድካሙ በጠዋት፣ ጉልበት ሳለ ነው፤ መመለሻው ቁልቁል ነው። እዚህ ግን ቁልቁለቱ ቀድሞ ያታልላል፣ አቀበቱ ውኃ ካለቀና ቀትር ከሆነ በኋላ ይመጣል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከዓባይ በላይ አፋፉ ላይ ባለችው ጎሐ ጽዮን ጃኬት የለበሰ ሰው ዓባይ ዳር ሸሚዙም ይከብደዋል። የሚታረሰውም አብሮ ይለወጣል፤ አፋፉ ላይ ጤፍና ስንዴ፣ ከታች ማሽላ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለውን የትምህርት ቤት ትምህርት በጥቂት ሰዓት በእግር መጨረስ ይቻላል። የአካባቢው ሰው ግን ለገበያ ብሎ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ስለሆነ፣ ለእይታ ብሎ ላቡን የሚያፈስ የከተማ ሰው ቢገርመው አይፈረድበትም።

ብስክሌተኞች የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከሙገር በኩል ነው። ጫንጮ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ደርባ የሚደርሰው መንገድ በአብዛኛው ለጥ ያለ ነው፤ ከደርባ አልፎ ያለው አፋፍ የሙገርን ሸለቆ በአንድ ጊዜ ይገልጠዋል። ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ስለሚመላለሱበት መስታወትና ደማቅ ልብስ ግድ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ አፋፉን መከተል የሚፈልግ ደግሞ ክረምት አይሞክረው። የሰላሌ ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ ብስክሌቱን በትከሻ የሚሸከሙት ዕቃ ያደርገዋል።

ትልቁ ፈተና ጎሐ ጽዮን ነው፤ ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚህ አንስቶ ከዓባይ ማዶ ያለችው ደጀን እስኪደርሱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት። ከአፋፍ እስከ ወንዝ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል። ከግብፅ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚጋልበው የብስክሌት ጉዞ ቱር ዳፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ለዓመታት ከስመ ጥር ክፍሎቹ አንዱ ይህ ነበር፤ ከሰሜን የሚመጡት ጋላቢዎች ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን አቀበት ሰዓት እየተያዘላቸው ይወጡት ነበር።

አቀበቱ የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን የፍሬን። ፍሬን ሳይለቁ ረጅም መንገድ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ከመጠን በላይ የጋለ ቸርኬ ደግሞ ጎማ ያፈነዳል። ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ በየመካከሉ ቆም እያሉ መውረድ ያዋጣል፤ እይታውም የሚገኘው በመቆም ነው። መንገዱ በጃፓን እርዳታ የታደሰ ቢሆንም የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሞገዳል። ጭነት መኪናዎች በአንደኛ ማርሽ ያቃስታሉ፣ ዝንጀሮዎች ከሹፌሮች ምግብ ለምደው መሐል መንገድ ይቀመጣሉ። ታች እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ቆሟል፤ 303 ሜትር ይረዝማል፣ በኬብል የተደገፈ ነው።

ይህን ገደል አፋፍ ለአፋፍ በመሄድ ያጠና የውጭ ሰው ከተጠራ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን መጠቀስ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ይህ ሰው፣ ወንዙ በጀልባ ስለማያስኬድ በበቅሎና በእግር ከላይ እየተከተለ፣ መውረድ በሚቻልበት እየወረደ የዓባይን አካሄድ በካርታ አሰፈረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ታተመ።

ዛሬ ከመንገዱ አስቸጋሪነት ይልቅ ዕቅድ የሚያፈርሰው ሌላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰሜን ሸዋም በጎጃምም በኩል ግጭት ስለነበረ፣ ከመነሳት በፊት ስለዕለቱ ሁኔታ መንገዱን ከሚመላለሱ ሹፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦታው ላይ ሲደርሱም የአካባቢውን ወጣት በአስጎብኚነት መያዝ ይሻላል፤ የትኛው ዱካ ወንዝ እንደሚያደርስና የትኛው ገደል ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ዓባይና ሙገር ከታዩ በኋላ የሚቀረው ጀማ ነው። ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ በለሚ አልፎ ጀማን ይሻገርና ወደ መርሐ ቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። ወፍ ተመልካቾች ይህን መስመር የሚመርጡት በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ ለሚኖር የሐርዉድ ቆቅ የሚባል ወፍ ሲሉ ነው። ቆቁ የሚጮኸው ማለዳ ላይ ስለሆነ ለሚ አድሮ ጎህ ሲቀድ መውረድ ይበጃል።