ማስታወቂያ በወጣበት ቦታ ምክንያት የሚጠራ አድማ

የሸማቾች አድማ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ኩባንያው ራሱ ባጠፋው ጥፋት ነው፤ ሠራተኛ በድሏል፣ ወንዝ በክሏል ተብሎ። ሌላው ዓይነት አድማ ግን የኩባንያውን ገንዘብ ተከትሎ ይሄዳል። ሳሙና አምራቹ በምርቱም በአሠራሩም ነቀፌታ የለበትም፤ ማስታወቂያውን ያወጣበት ጋዜጣ ግን ጥላቻ ይነዛል ወይም ሰው ይበድላል። ተቆጪው ሰው ጋዜጣውን ቀድሞም አይገዛውምና ቢተወው የሚጎዳው የለም። ሳሙናውን ግን ዘወትር ይገዛል፤ ስለዚህ ጋዜጣውን የሚደርስበት በሳሙናው በኩል ነው።

መንገዱ ሊሠራ እንደሚችል ጎልቶ የታየው በእንግሊዙ «ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጋዜጣው ጠፍታ የነበረችና በኋላ ተገድላ የተገኘች የ13 ዓመት ልጅ ስልክ ላይ የተቀመጡ የድምፅ መልእክቶችን መጥለፉ በጁላይ 2011 ተጋለጠ። ሰዎች አስተዋዋቂዎቹን በትዊተር እየጠሩ «አሁንም እዚያ ናችሁ?» ይሏቸው ጀመር። ፎርድ ቀድሞ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። 168 ዓመት የዘለቀው ጋዜጣ ጁላይ 10 የመጨረሻ እትሙን አወጣ። በእርግጥ ባለቤቱ ሩፐርት መርዶክ በዚያው ሰሞን የቢስካይቢ ቴሌቪዥንን ሙሉ ለሙሉ ለመጠቅለል እየሞከረ ስለነበር፣ ጋዜጣው የተዘጋው በማስታወቂያ መሸሽ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ኢንተርኔት ነገሩን አወሳሰበው። ጋዜጣ ላይ ኩባንያው ገጹን መርጦ ይገዛል፤ ድረ ገጽ ላይ ግን አብዛኛው ማስታወቂያ የሚሸጠው በኮምፒውተር ጨረታ ነው። አንድ ሰው ገጽ ሲከፍት ባዶው ቦታ በዚያችው ቅጽበት ለተጫራቾች ይቀርባል። ተጫራቹ የሚከፍለው ገጹን ፈልጎ ሳይሆን ሰውየውን ፈልጎ ነው። ትናንት ጫማ ሲያይ ያመሸ ሰው ዛሬ ዜና ቢከፍት፣ የምግብ አሠራር ቢያይ፣ ዘረኛ ጽሑፍ ላይ ቢያርፍ ያው ጫማ ይከተለዋል። የጫማ ሻጩ ገንዘብ የት የት እንደገባ ሻጩ ራሱ አያውቅም።

በ2016 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ስሊፒንግ ጃየንትስ» የተባለ ዘመቻ የተነሳው ከዚህ ክፍተት ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፦ ማስታወቂያው «ብራይትባርት» በተባለው የቀኝ ክንፍ ድረ ገጽ ላይ ሲታይ የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ለኩባንያው በአደባባይ መላክ፣ ማወቅ አለማወቁንም መጠየቅ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ድረ ገጹን ከጨረታቸው አስወጡ። ኬሎግስ ሲወጣ ግን ብራይትባርት በተራው አንባቢዎቹ የኬሎግስን የቁርስ እህል እንዳይገዙ ጠራ። ኩባንያው ቢቀር አንዱን፣ ቢወጣ ሌላውን ደንበኛ የሚያስቆጣበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው።

አቅሙ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በጁላይ 2020 ከ1,000 በላይ ኩባንያዎች፣ ኮካ ኮላንና ዩኒሊቨርን የመሰሉ ጭምር፣ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት አቆሙ። ፌስቡክ በጊዜው ከ8 ሚሊዮን በላይ አስተዋዋቂዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ትናንሽ ነጋዴዎች። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር የነበረው ገቢው ከዓመት በፊቱ ጋር ሲነጻጸር በ22 በመቶ ጨመረ። በጥቂት ትልልቅ ከፋዮች የሚኖር ጋዜጣ ወይም የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይንበረከካል፤ ከሚሊዮኖች ጥቂት ጥቂት የሚለቅም ግን ብዙም አይሰማውም።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው መሣሪያው በማን እጅ እንደሚገባ ሲታሰብ ነው። በ1950ዎቹ ሎረንስ ጆንሰን የተባለ የሲራኪዩዝ ከተማ የሱፐርማርኬት ባለቤት፣ ኮሙኒስት ብሎ የጠረጠራቸውን ተዋንያን የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን ስፖንሰር ያደረጉ ኩባንያዎችን ያስፈራራ ነበር። ኩባንያዎቹ ፈሩ፤ ብዙ ባለሙያዎችም ከሥራ ወጡ። ከእነርሱ አንዱ፣ የሬዲዮ አዘጋጁ ጆን ሄንሪ ፎክ፣ ከሶ በ1962 እስኪያሸንፍ ድረስ ለዓመታት ተንከራቷል። በ2011 ደግሞ የሚሺጋኗ ዲርቦርን ከተማ ሙስሊም ቤተሰቦችን ሕይወት የሚያሳይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ አንድ የፍሎሪዳ ማኅበር ዘመቻ ከፈተ። የተቃወመው ሙስሊሞቹ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሆነው መቅረባቸውን ነበር። ሎውስ የተባለው የግንባታ ዕቃ ቸርቻሪ ማስታወቂያውን አነሳ።

በሕግ በኩል፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የሚሲሲፒ ጥቁሮች በነጭ ነጋዴዎች ላይ ያካሄዱት ሰላማዊ የግዢ አድማ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። መግዛትም አለመግዛትም የሸማቹ መብት ነው። የሚቀረው መቼ ተገቢ ነው የሚለው ብቻ ነው። ስልክ እንደመጥለፍ ባለ የተረጋገጠ ድርጊት ላይ የሚነሳ አድማ ጽኑ መሠረት አለው፤ ሰው በሐሳቡ ወይም በማንነቱ ምክንያት እንጀራው እንዲዘጋ የሚጠራ ግን ከጆንሰን መንገድ አይለይም። ማስታወቂያው የሚወጣበትን ቦታ ጨረታ በሚወስንበት ዘመን ደግሞ ኩባንያውን ሳይጠይቁ ግዢ ማቆም ቸኩሎ መፍረድ ነው። ተነግሮት እያወቀ ከቀጠለ ግን ገንዘቡን የሚሰጠው ፈቅዶ ነው፤ ሸማቹም የራሱን ቢነሳው ሊነቀፍ አይገባም።