የአየር ርጭት፦ ሰብል ሲድን ሰው እንዳይጎዳ

በምሥራቅ ሸዋ ቆላማ አካባቢዎች ማሽላ ፍሬ መያዝ ሲጀምር የአርሶ አደሩ ትልቁ ስጋት ግሪሳ ወፍ ነው። አንድ ግሪሳ 20 ግራም ገደማ ቢመዝንም በቀን እስከ 10 ግራም እህል ያጠፋል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለው መንጋ በቀን 100 ኩንታል ያወድማል ማለት ነው። ይህን ያህል መንጋ ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ መመለስ ስለማይቻል የአየር ርጭት ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከአንበጣ ሌላ ግሪሳንና ተምችን በመከላከል ሥራ አባል አገራቱን ያግዛል።

ለርጭት የሚውለው ኬሚካል በውኃ ያልተበረዘና እጅግ በደቀቀ ጠብታ የሚረጭ ነው። ከዒላማው እንዳይወጣ አብራሪው ከመሬት እስከ 10 ሜትር ድረስ ዝቅ ብሎ ይበራል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ቀጭን ሽቦ ከአየር ላይ በቀላሉ ስለማይታይ ልምድ ያለው አብራሪ ሽቦውን ሳይሆን ምሰሶውን ይፈልጋል። ግሪሳ ደግሞ የሚረጨው ማደሪያው ላይ ተሰብስቦ ሲሰፍር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ለርጭቱ የተሻለው ሰዓት ለአብራሪው ዓይን የከፋው ሰዓት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የሞተር ብልሽት ነው። የሄሊኮፕተር ሞተር በአየር ላይ ቢጠፋ አብራሪው በሚሽከረከረው ክንፍ ታግዞ ለማረፍ በቂ ከፍታ ወይም ፍጥነት ያስፈልገዋል። ዝቅ ብሎ በዝግታ ሲበር ሁለቱም የሉትም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 600 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የማንሳት አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ታንከሩን ሙሉ ጭኖ መነሳት ሁልጊዜ አያዋጣም።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። በአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት 136 ተርባይኖች የአካባቢውን የነፋስ ጉልበት ይመሰክራሉ። ይኸው ነፋስ የደቀቀውን ጠብታ ወደ መንደር፣ ወደ ንብ ቀፎና ዓሣ ወደሚጠመድባቸው የቆቃና የዝዋይ ሐይቆች ሊወስደው ይችላል። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን ሌሎች አዕዋፍን ጭምር የሚገድል ሲሆን፣ ከፍተኛ ይዘት ያለው ዓይነቱ በ2017 ዓ.ም. በሮተርዳም ስምምነት ቅድመ ማሳወቂያ ከሚያስፈልጋቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ገብቷል።

በመሆኑም ከርጭት በፊት ብዙው ሥራ የሚሠራው መሬት ላይ ነው። የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎችና አርሶ አደሮች የሽቦ መስመሮችን፣ ረጃጅም ዛፎችንና የውኃ ጉድጓዶችን በቀን ብርሃን ለአብራሪው ማሳየት ይኖርባቸዋል። ንብ አናቢዎች አስቀድመው ሊነገራቸው፣ ልጆችና ከብቶች ከአካባቢው ሊርቁ፣ የመጠጥ ውኃ ሊከደን ይገባል። የሞተ ወፍ ለምግብም ሆነ ለዶሮ መኖ አይውልም። ባዶ የኬሚካል በርሜልም ለውኃ መቅጃ መዋል የለበትም።

ነፋሱ ከበረታ ወይም ብርሃኑ ከደከመ አብራሪው ርጭቱን ለማግስቱ ቢያስተላልፍ ቅር የሚያሰኝ አይደለም። የአንድ ቀን እህል ቢጠፋ ሌላ ይዘራል፤ የሰው ሕይወት ግን ምትክ የለውም።