በተራራ የሚጻፈው መዝገብ ከማእከሉ መዝገብ ጋራ ስለሚናበብበት ሥርዓት

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚጠበቀው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት የተረፈ መጽሐፍ ሲሆን፥ ለገዳሙ የተሰበሰቡት መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። መጻሕፍትን ገልብጦ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፥ ከአንድ መጽሐፍ የተገለበጡ ሁለት ቅጂዎች በሁለት ደብር ተቀምጠው በየበኩላቸው እርማት ሲጨመርባቸው ከቆዩ፥ ሲገናኙ አይስማሙም። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አኑረው ቃል በቃል ያናብባሉ እንጂ፥ ዘግይቶ የመጣውን አይተው የቀደመውን አይፍቁም።

ዛሬ ይህ ነገር የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ ሆኗል። የጤና ሚኒስቴር በ2010ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተባለውን ስለ ዘረጋ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በወረቀት ይይዙት የነበረውን የቤተሰብ ማኅደር በታብሌት መያዝ ጀምረዋል። ታብሌቱ ኔትዎርክ በሌለበትም ይጽፋል፤ ኔትዎርክ ባገኘ ጊዜ በማእከል ካለው ሰርቨር ጋራ ይገናኝና የተለወጠውን ይልካል፥ በዚያም የተለወጠውን ይቀበላል። የአምባሰልን ገደልና አፋፍ የወጣ ሰው ይህ ዐይነት አሠራር ለምን እንዳስፈለገ ሌላ ማስረጃ አይሻም። ዳሩ ግን የተራራው መለያየት የቀናት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደቡብ ወሎ እንደ ሆነው መገናኛ ሲቋረጥ ግን የሳምንታት ይሆናል፤ መዛግብቱም በዚያው ልክ ይራራቃሉ።

ምሳሌ እናምጣ። አንዲት ሠራተኛ ሰኞ ቀን ከአምባሰል ቀበሌዎች በአንዱ የዘጠኝ ወር ሕፃን የኩፍኝ ክትባት መከተቡን በታብሌቷ ጻፈች፤ በማግስቱ በጤና ጣቢያው ያለው ባልደረባዋ የዚያኑ ሕፃን እናት ስም በማእከሉ መዝገብ አቃና። ቅዳሜ ታብሌቱ ኔትዎርክ ሲያገኝ፥ ሥርዓቱ «ኋላ የተጻፈው ይጽና» ብሎ ገጹን በሙሉ የሚተካ ከሆነ፥ ወይ ክትባቱ ይጠፋል፥ ወይ ስሙ ወደ ስሕተቱ ይመለሳል። መስመር በመስመር የተናበበ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ይድናሉ። «ኋላ» የሚለውንም ቃል ማመን ያስቸግራል፤ ባትሪው አልቆ ሰዓቱ የተዛባ ታብሌት የትናንቱን ሥራ የዓምና ሊያደርገው ይችላልና። (የእኛ ዘመን አቆጣጠርና የፈረንጁ በአንድ ማሽን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የመዝገብ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።) ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለውጥ ማእከሉ ተራ ቁጥር ቢሰጠው ይሻላል።

ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ፥ አንዷ «ተከትቧል» ሌላው «አልተከተበም» ብለው የጻፉ እንደ ሆነ ግን ማሽን ሊፈርድ አይገባም። ሁለቱም ጽሕፈቶች ከነጸሐፊያቸው ተጠብቀው ለሰው መቅረብ ይገባቸዋል። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ደግሞ ፕሮግራሙን የሠሩት ባለሙያዎች የሚወስኑት አይደለም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ሊመድበው ይገባል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የሚጋጩት ጽሕፈቶች ተጠራቅመው ተመልካች ሲያጡ፥ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ይባላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመሰረዝ ነገር ነው። በማእከሉ የተሰረዘ ስም በታብሌቱ እንዳለ ይቈያል፤ ማእከሉ ስሙን ፍቆ ምልክት ያላስቀረ እንደ ሆነ፥ ታብሌቱ ሲመጣ ያንኑ ስም እንደ አዲስ ሰው መልሶ ያስገባዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ስፍራውን ባዶ አይተዉትም፤ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት አኑረው ታብሌቶቹ ሁሉ እስኪቀበሉት ድረስ ይጠብቃሉ። ይህ ጥንቃቄ የተጓደለ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛዋ በማለዳ ዝርዝሯን ተመልክታ አቀበቱን ትወጣለች፤ ልጇን ከቀበረች ወር ያልሞላትን እናት ከደጃፏ ጠርታ «ሕፃኑን ለክትባት አምጪው» ትላታለች።