ከጎንደር እስከ አሽቀሎን ስንት ኬላ አለ?

የአገሮች በር ለኢንተርኔት ንግድ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ የሚለካው እንዴት ነው? ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

በአሽቀሎን ከአዲስ ገቢዎች ቤት ገብቶ ቡና የጠጣ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሳይሰማ አይወጣም። የቤቱ እመቤት ስልኳን አውጥታ፣ ጎንደር የቀረችው ታናሽ እኅቷ የጠለፈችውን ቀሚስ ፎቶግራፍ ለጎረቤቷ ታሳያለች። ጎረቤቲቱም አይታ፣ «ለልጄ ሠርግ አንድ ይምጣልኝ» ትላለች። ወዲያው ለእኅት ይደወላል። እኅት ደስ ይላትና፣ «እሺ እትዬ፣ ግን ብሩ በየት በኩል ይደርሰኛል? ቀሚሱንስ በማን ልላከው?» ብላ ትጠይቃለች። ፎቶግራፉ ከጎንደር አሽቀሎን ለመድረስ አንድ ደቂቃም አልፈጀበት። ገንዘቡና ቀሚሱ ግን ገና መንገድ ይቀራቸዋል።

አባቶቻችን እንደነገሩን፣ በድሮ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ጨውና ቡናውን በአጋሰስ ጭኖ ሲጓዝ በየኬላው እየቆመ ቀረጥ ይከፍል ነበር። በነጋዴውና በቀረጡ ላይ የተሾመው አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ስለዚህም ነጋዴው መንገድ ሲመርጥ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ኬላውንም ይቆጥር ነበር። የኢንተርኔት ንግድም የራሱ ኬላ አለው። ልዩነቱ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው።

ይህን የማይታይ ኬላ ቆጥረው በቁጥር የሚያስቀምጡ ድርጅቶች አሉ። አንዱ እስራኤል ከ2010 ጀምሮ አባል የሆነችበት የኢኮኖሚ ትብብርና የልማት ድርጅት (ኦ.ኢ.ሲ.ዲ.) ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቱ የየአገሩን ሕግ እየመረመረ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። 0 ማለት በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ 1 ማለት ፈጽሞ የተዘጋ ማለት ነው። ሌላው መለኪያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽኖች የሚሠሩበት ሲሆን፣ የአፍሪካው ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። ይህኛው ሕጎችን በ12 ክፍሎች ከፍሎ ያያል።

የሚጠየቁት ጥያቄዎች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። የኦ.ኢ.ሲ.ዲ.ው መለኪያ አምስት ነገር ይመረምራል፤ ስለ ስልክና ኢንተርኔት መስመር፣ በኮምፒውተር ስለሚደረግ ውል፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ፈጠራ መብት፣ እንዲሁም ስለ ሌሎች እንቅፋቶች። የኮሚሽኖቹ ደግሞ ቀረጥን፣ የውጭ ባለሀብትን፣ የግል መረጃንና የመሳሰሉትን ይጨምራል። እኛም ቀሚሱን ይዘን በእነዚህ ኬላዎች እንለፍ።

የመጀመሪያው ኬላ መስመሩ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በ2021 ለሳፋሪኮምና ለባልደረቦቹ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ተሰጠ፤ አገልግሎታቸውም በኦክቶበር 2022 ተጀመረ። በመለኪያው ዓይን ይህ አንድ በር መከፈቱ ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ስንቶቻችን የዘመድ ድምፅ ናፍቆን እንደከረምን የምናውቀው ነው። መስመር ሲዘጋ ንግድም፣ «ደኅና ናችሁ ወይ» ማለትም አብረው ይዘጋሉ።

ሁለተኛው ውሉ ነው። በወረቀት ያልተፈረመ ስምምነት በሕግ ፊት ይቆማልን? እስራኤል የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕግ ያወጣችው በ2001 ነው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ያወጣችው በ2020 ነው።

ሦስተኛው ክፍያው ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንን ያስቸገረውም ይኸው ነው። ቴሌብር በሜይ 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በኢትዮጵያ ውስጥ በስልክ መክፈል ቀሏል። የውጭ ምንዛሪው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። እስከ ጁላይ 2024 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። በሕጋዊ መንገድ የላከ ሰው ዘመዱን የጎዳ ይመስለው ነበር። በጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ገበያው እንዲወስነው አደረገ። በጥቂት ሳምንታትም ዶላሩ በባንክ ከ100 ብር አለፈ። ለጠላፊዋ እኅት የደረሳት ብር በዛ። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ አብሮ ተወደደ።

አራተኛው እዚህ ደጃችን ያለው ሜኼስ ነው። ከውጭ ለግል ጥቅም የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ ማዓም ይከፈልበታል። ጣሪያው ለብዙ ዓመታት 75 ዶላር ነበር። ማዓሙም በጃንዋሪ 2025 ከመቶ 17 ወደ 18 ከፍ ብሏል።

አምስተኛው ስለ ግል መረጃ ነው። ይህን ኬላ ግን እንደ ሌሎቹ አንየው። ስማችሁን፣ የመታወቂያችሁን ቁጥርና የባንክ ሒሳባችሁን ማንም እንዳይወስድባችሁ የሚከለክል ሕግ ዘበኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የእስራኤል ጥበቃ በቂ መሆኑን በ2011 ተቀብሎ፣ በ2024 እንደገና አጽንቶታል። በዚህም ምክንያት መረጃ ከአውሮፓ ወደ እስራኤል ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ያልፋል። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2024 አውጥታለች። እንግዲህ ኬላ ሁሉ ክፉ አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ ኬላው የሚጠብቀው ማንን ነው የሚለው ነው።

መለኪያው ራሱም ጉድለት አለው። የሚያነበው በወረቀት ላይ ያለውን ሕግ ነው። ዕብራይስጥ ገና ያልለመደች እናት በዶዓር መስኮት ፊት ቆማ ቅጹ የማይገባት መሆኑን አይቆጥርም። ትልቅ ኩባንያ በየኬላው የሚያልፍለት ጠበቃና ሒሳብ ሠራተኛ አለው። አንድ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት ግን ያላት ራሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ተመሳሳይ ኬላ ለአንዱ እንቅፋት፣ ለሌላው ግንብ ይሆናል።

መለካትና መመዘን ለአሽቀሎን አዲስ ነገር አይደለም። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከተማዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ604 ዓመት አጥፍቷት ነበር። በዘመናችን ቦታውን የቆፈሩ ሊቃውንት በፍርስራሹ ውስጥ ገበያና የሚዛን ድንጋዮች አግኝተዋል። ሚዛን ያለበት ገበያ ድሀውም ሀብታሙም በአንድ ልክ የሚገበያይበት ነው።

እስከዚያው ድረስ ወገኖቻችን ይህን አትርሱ። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የቀረጡ ጣሪያ በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል ከሜኼስ ወይም ከዶዓር ጠይቁ። ገንዘብ ስትልኩ ፈቃድ ባለው ድርጅት ላኩ፤ ደረሰኙንም (ካባላውን) አስቀምጡ። በስልካችሁ የሚመጣውን የምስጢር ቁጥር ለማንም አትንገሩ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ግን ቅጹን እናንተም አጥኑት።